ክዳን የተደፋበት ሸለቆ

የአየር ብክለት ሲነሣ ጣታችንን የምንቀስረው ጭሱን በሚተፋው ላይ ነው፤ ፋብሪካው፣ ያረጀው ሚኒባስ፣ የሚቃጠለው ቆሻሻ። ልክ ነን። ግን ጭስ ይበልጥ የሚገድለው መውጫ ሲያጣ ነው። ለዚህ የቤልጅየሙ የሜዝ ወንዝ ሸለቆ ምስክር ነው።

ጊዜው ዲሴምበር 1930 እ.ኤ.አ. ነው። በሊዬዥ ከተማ አቅራቢያ 20 ኪሎ ሜትር ያህል በሚዘልቀው ጠባብ ሸለቆ የብረት፣ የዚንክ፣ የመስተዋትና የማዳበሪያ ፋብሪካዎች ተደርድረዋል። በወሩ የመጀመሪያዎቹ አምስት ቀናት ነፋስ ጠፋ፣ ጉም ተኛ። ሰዉ ያስለው፣ ትንፋሽ ያጥረው ጀመር። ከ60 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ከብቶችም አልተረፉም። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት የተረፈ መርዝ ነው ብለው የጠረጠሩም ነበሩ።

ጥፋተኛው ግን ከፋብሪካዎቹ ጋር ያበረ የአየር ጠባይ ነበር። በወትሮው ወደ ላይ በወጣን ቁጥር ብርዱ ይጨምራል፤ ሞቃት ጭስም ሽቅብ ወጥቶ ይበተናል። ከፍተኛ የአየር ግፊት ሲሰፍን ግን የላይኛው አየር ወደ ታች ይወርዳል፤ ሲወርድ ይታመቃል፣ ሲታመቅ ይሞቃል። በረጅሙ ሌሊት ደግሞ መሬት ሙቀቷን ትለቃለች፤ ከባዱ ቀዝቃዛ አየር ተዳፋቱን ተከትሎ ሸለቆ ውስጥ ይተኛል። ታች ብርድ፣ ላይ ሙቀት! ሳይንሱ ይህን የሙቀት ግልብጥ ‹‹ኢንቨርዥን›› ይለዋል። ሞቃቱ አየር እንደ ድስት ክዳን ይደፋል። ተራራው ላይ ያለው ፀሐይ ሲሞቅ፣ ሸለቆው ውስጥ ያለው የራሱን ጭስ መልሶ ይተነፍሳል።

ከመርማሪዎቹ አንዱ ዣን ፊርኬ ጣቱን በድኝ ውህዶች ላይ ቀሰረ። አንድ ነገርም አስጠነቀቀ፦ ይህ ለንደን ላይ ቢደርስ ከ3,000 በላይ ሰው በድንገት ሊያልቅ ይችላል። ‹‹ነግ በኔ›› ያለ ግን አልነበረም። በ1948 በአሜሪካዋ የዶኖራ ሸለቆ 20 ሰዎች ሞቱ። በዲሴምበር 1952 ተራው የለንደን ሆነ፤ በመጀመሪያው ግምት 4,000፣ ኋላ በተደረጉ ጥናቶች እስከ 12,000 ሰው አለቀ። እንግሊዝ የንጹሕ አየር ሕግ ያወጣችው ከዚያ በኋላ፣ በ1956 ነው። ማስጠንቀቂያው በተሰማ ኖሮ ስንቱ ይተርፍ ነበር?

ወደ ቤታችን እንምጣ። የእኛም ከተማ ከእንጦጦ ሥር ያለች ናት። በበጋ፣ ሰማይ ጠርቶ ሌሊቱ ሲበርድ፣ ማለዳ እንጦጦ ላይ የወጣ ሰው ከተማዋ ላይ የተኛውን ግራጫ ብርድ ልብስ ያየዋል። በየዓመቱ ኅዳር 12 ‹‹ኅዳር ሲታጠን›› ብለን ቆሻሻ የምናቃጥለውም በዚሁ ወቅት ነው። ልማዱ ከ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ጋር ይያያዛል፤ ዓላማውም ሕይወት ማትረፍ ነበር። ዓላማውን የምናከብር ከሆነ ቆሻሻውን እንጥረግ፣ ክብሪቱን እንተወው። የአየሩን ክዳን ማንሣት አንችልም፤ ከሥሩ የምንለኩሰውን መቀነስ ግን የእኛ ፋንታ ነው።