ስሙ የታወቀ፣ ልኩ ያልታወቀ፦ ያልተሟሉ ዓይነቶችና የሲ ቋንቋ አሬይ



የዛሬው ንግግሬ የራሴን የማስተማር ስሕተት የማርምበት ነው። «መጠኑ ካልታወቀ ዓይነት አሬይ ማወጅ ማሽኑ አይፈቅድም» እያልሁ ለብዙ ዓመታት አስተምሬአለሁ። የሲን ታሪክ ስመረምር ግን ከልካዩ የሰዎች ውሳኔ ሆኖ አገኘሁት።

ባደግሁበት በቡሬ ገጠር አባት መሬቱን ለልጆቹ በገመድ እየለካ ሲያካፍል፣ የመጀመሪያው ድርሻ የሚጀምርበትን ለማወቅ የማሳው ድንበር ይበቃል። የሦስተኛው መነሻ ግን የእያንዳንዱ ድርሻ ስፋት ሳይታወቅ አይገኝም። ኮምፓይለርም የአንድን አባል አድራሻ የሚያገኘው ተራ ቁጥሩን በአባሉ መጠን አባዝቶ በአሬዩ መነሻ ላይ በመደመር ነው። ስሙ ተነግሮ ዝርዝሩ ያልተሰጠ ስትራክት ደግሞ መጠኑ አይታወቅም፤ «ያልተሟላ ዓይነት» የሚባለው ይህ ነው። ወደ እርሱ የሚያመለክት ፖይንተር ማወጅ ግን ይፈቀዳል፤ የፖይንተሩ የራሱ መጠን አስቀድሞ የታወቀ ነውና።

ዴኒስ ሪቺ ሲን በቤል ላብስ የቀረጸው እ.ኤ.አ. በ1972 ገደማ ነው። ስትራክት ከተጨመረበት በኋላ በ1973 ክረምት የዩኒክስ አስኳል በሲ እንደገና ተጻፈ። የ1989ኙ የአሜሪካ ደረጃ አሬይ ካልተሟላ ዓይነት ሊሠራ እንደማይችል አመለከተ። የ1999ኙ ዓለም አቀፍ ደረጃ ደግሞ ክልከላውን ኮምፓይለሩ ጥሰቱን የግድ ከሚያሳውቅባቸው ደንቦች መካከል አስገባው። ጂሲሲ የተባለው ኮምፓይለር ዝርዝሩ ከኋላ የሚመጣ ስትራክት አሬይ በኤክስተርን ሲታወጅ ይቀበል ነበር፤ በ2005 በወጣው 4.0 እትሙ ግን እምቢ አለ። በዚህ ልማድ የተጻፉ የቆዩ ፕሮግራሞች የስትራክቱን ዝርዝር ከአሬዩ በፊት ማምጣት ግድ ሆነባቸው።

ሲ ፕላስ ፕላስ ግን ይህንኑ የኤክስተርን አዋጅ ዛሬም ይቀበላል። የሚከለክለው፣ ስትራክቱ ሳይሟላ አሬዩን ማስቀመጥንና አባሎቹን በተራ ቁጥር መጥራትን ነው። ሁለቱም ቋንቋዎች በአንድ ማሽን ላይ ይሠራሉ። አባት «ማሳው ለልጆቼ ነው» ብሎ ለመናገር ገመድ አያሻውም፤ ገመዱ የሚያስፈልገው ድርሻው ሲለይ ነው። ሲ ፕላስ ፕላስ ገመዱን እስከዚያ ይጠብቃል፤ ሲ ግን ከመናገር በፊት ይጠይቃል።

ስለዚህ ከእኔ ማስታወሻ የገለበጣችሁ ሁሉ፣ «ማሽኑ አይፈቅድም» የሚለውን ሰርዛችሁ «የሲ ደንብ አይፈቅድም» ብላችሁ ጻፉበት።