የሚሸነፍ ቡድን ተጫዋቾች ችሎታ እንዴት ይመዘናል? ከነጅራን እስከ ጂዛን ሜዳዎች

አንድ የእግር ኳስ ቡድን አምስትና ስድስት ጨዋታ በተከታታይ ሲሸነፍ ቀድሞ የሚሰማው ፍርድ «ልጆቹ አይችሉም» የሚል ነው። ይህ ፍርድ በትልቅ ክለብ ላይ ሲሰጥ አሰልጣኝ ያሰናብታል። በጂዛን፣ በሳምጣ፣ በአቡ አሪሽ ወይም በሳብያ ከሥራ በኋላ በሚሰባሰብ የጤና ቡድን ላይ ሲሰጥ ደግሞ ቡድኑን ይበትናል፤ ገና ያልበሰለን ወጣትም ጫማውን እንዲሰቅል ያደርገዋል። ስለዚህ ፍርዱ ከመሰጠቱ በፊት ሽንፈቱ በእርግጥ ከችሎታ ማነስ የመጣ መሆን አለመሆኑን መለየት ያስፈልጋል። የደቡብ ሳዑዲ ዓረቢያ ክለቦችና የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን ታሪክ ለዚህ በቂ ማስረጃ ይሰጣሉ።

የደረጃ ሰንጠረዥ የሚናገረውና የማይናገረው

ከጂዛን በስተ ምሥራቅ፣ ከተራሮቹ ማዶ በየመን ድንበር አቅራቢያ የምትገኘው ነጅራን የአል-ኡክዱድ ክለብ መቀመጫ ናት። ክለቡ ስሙን የወሰደው በከተማዋ ከሚገኘው ጥንታዊ የአርኪዮሎጂ ሥፍራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 ወደ ከፍተኛው ሊግ ለመጀመሪያ ጊዜ ያደገ ሲሆን፣ በ2023-24 የውድድር ዘመን 18 ክለቦች በተሳተፉበት ሊግ 15ኛ ሆኖ ከመውረድ ለጥቂት ተርፏል። ወደ ታችኛው ሊግ የሚወርዱት የመጨረሻዎቹ 3 ክለቦች ነበሩ።

ሰንጠረዡን ብቻ ያየ ሰው «ደካማ ተጫዋቾች የተሰበሰቡበት ቡድን» ሊል ይችላል። ነገር ግን በዚያው ዓመት በጀርመን በተካሄደው የአውሮፓ ዋንጫ ሩማንያ ምድቧን በአንደኝነት ስታጠናቅቅ በተከላካይ መስመሯ የተሰለፈው አንድሬ ቡርካ የአል-ኡክዱድ ተጫዋች ነበር። በ2017 የአፍሪካ ዋንጫ የውድድሩ ኮከብ ተጫዋች ተብሎ የተመረጠው ካሜሩናዊው ክርስቲያን ባሶጎግም ቆየት ብሎ የክለቡን ማልያ ለብሷል።

ከዚህ ሁለት ነገር እንረዳለን። አንደኛ፣ በሰንጠረዡ ግርጌ የሚገኝ ቡድን ከፍተኛ ችሎታ ያላቸው ሰዎች ሊኖሩት ይችላል። ሁለተኛ፣ ደረጃ የሚለካው ከተፎካካሪ አንጻር ነው። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2023 የሳዑዲ ዓረቢያ የሕዝብ ኢንቨስትመንት ፈንድ የአል-ሂላል፣ የአል-ናስር፣ የአል-ኢቲሃድና የአል-አህሊ ክለቦችን 75 በመቶ ድርሻ ይዟል። በዚያ የውድድር ዘመን አል-ሂላል 34 ጨዋታዎችን ያለ ሽንፈት አጠናቅቆ በ96 ነጥብ ሻምፒዮን ሆኗል። እንዲህ ካለው ጋር የሚሰለፍ አዲስ ገቢ ክለብ 15ኛ መሆኑ የተጫዋቾቹን ችሎታ ብቻውን አይገልጽም።

ቡድን ከሜዳው ሲርቅ

ከዚያችው ከተማ የወጣው ሌላው ክለብ፣ የነጅራን ክለብ፣ ታሪክ ደግሞ ሌላ ነገር ያስተምራል። ክለቡ በ2007-08 ወደ ከፍተኛው ሊግ ከገባ በኋላ ለዘጠኝ ተከታታይ የውድድር ዘመናት ቆይቷል። በ2015 የየመን ጦርነት ሲጀመር ግን ድንበር ላይ ያለችው ከተማ ለውድድር አመቺ ሳትሆን ቀረች፤ ክለቡም ከሜዳውና ከደጋፊው ርቆ ለመጫወት ተገደደ። በ2015-16 የውድድር ዘመን ፍጻሜም ከሊጉ ወረደ።

ለመውረዱ ስደቱ ብቻውን ምክንያት ነው ማለት አይቻልም። ሆኖም ከቤተሰቡ ተለይቶ በሆቴል የሚያድር፣ «የሜዳዬ ነው» በሚለው ጨዋታ እንኳ የራሱን ደጋፊ የማይሰማ ተጫዋች የሚያሳየው ውጤት የችሎታው ትክክለኛ መለኪያ አይደለም። ከአገሩ ርቆ የሚሠራ ሰው ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያሻውም።

በአራት ቀን ውስጥ ሁለት መልክ

ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት በኋላ በተመለሰችበት የ2013 የአፍሪካ ዋንጫ ዋልያዎቹ የመጀመሪያ ጨዋታቸውን ያደረጉት ጥር 21 ቀን ከዋንጫው ባለቤት ከዛምቢያ ጋር ነበር። ሳላዲን ሰይድ የመታው የፍፁም ቅጣት ምት ዳነበት፤ ግብ ጠባቂው ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ወጣ፤ ቡድኑም በ10 ሰው ቀረ። ያም ሆኖ አዳነ ግርማ ባስቆጠረው ግብ 1 ለ 1 ተለያየ። ከአራት ቀን በኋላ ይኸው ቡድን በዚያው ከተማ በቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0 ተሸነፈ። ከአራቱ ግቦች ሦስቱ የተቆጠሩት የቡርኪና ፋሶ ግብ ጠባቂ በቀይ ካርድ ከወጣ በኋላ፣ ጨዋታው ወደ ማብቂያው ሲቃረብ ነው።

በአራት ቀን ውስጥ የማንም ተሰጥኦ አይጠፋም። የተለወጠው የድካም መጠን፣ የተጋጣሚው አጨዋወትና ከተመራ በኋላ ክፍት ሆኖ የሚያጠቃ ቡድን ከኋላው የሚተወው ባዶ ሜዳ ነው። ተጫዋቾቹ ችሎታ እንዳልነበራቸው ማንም ሊናገር አይችልም፤ ጌታነህ ከበደ በዚያው ዓመት ወደ ደቡብ አፍሪካው ቢድቬስት ዊትስ ተዛውሯል፤ ሳላዲን ሰይድና ሽመልስ በቀለም በግብፅ ሊግ ተጫውተዋል። የጎደለው በከፍተኛ ፍጥነት ለ90 ደቂቃ የመቆየት አቅምና ልምድ ነበር ብሎ መከራከር ግን ይቻላል። ይህ ደግሞ በሥልጠና የሚሞላ ጉድለት ነው።

ችሎታን ለይቶ የመመዘኛ መንገዶች

ባለሙያ መልማዮች ከውጤቱ ይልቅ የሚከተሉትን ነጥቦች ይመለከታሉ። ልዩ መሣሪያ ስለማይጠይቁ የጤና ቡድን አሰልጣኝም በእርሳስና በወረቀት ሊጠቀምባቸው ይችላል።

የመጀመሪያው የኳስ አቀባበል ነው። ተጫዋቹ ማንም ሳይጫነው ሳይሆን ተከላካይ ከጀርባው ቆሞ ሳለ ኳሱን በአንድ ንክኪ ወደሚፈልገው አቅጣጫ ማሳረፍ ይችላል? ኳስ ከመድረሱ በፊት ዙሪያውን ያያል? ይህ በልምምድ የሚሻሻል ቢሆንም የችሎታን ደረጃ በፍጥነት የሚያሳይ ምልክት ነው።

ሁለተኛው የሁለቱ አጋማሾች ልዩነት ነው። ቡድኑ እስከ 60ኛው ደቂቃ እኩል ተጫውቶ ከዚያ በኋላ የሚፈርስ ከሆነ ችግሩ በአብዛኛው የጉልበትና የቅያሪ ተጫዋቾች እጥረት ነው። በጂዛን ዳርቻ ሙቀቱ ከቀይ ባሕር እርጥበት ጋር ተደምሮ ላብ እንዳይደርቅ ያደርጋል። ፊፋ ሙቀትን፣ እርጥበትንና ፀሐይን በአንድነት የሚለካው መሣሪያ 32 ዲግሪ ሲያሳይ ለውኃ መጠጫ ጨዋታ እንዲቋረጥ የሚያዘው በዚህ ምክንያት ነው። ቀኑን በግንባታ ወይም በእርሻ ቦታ ውሎ ማታ የሚጫወት ሰው በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች መዘግየቱ የችሎታው ሳይሆን የቀኑ ውሎ ውጤት ነው።

ሦስተኛው የግብ ዕድሎች ቆጠራ ነው። እግር ኳስ ጥቂት ግብ የሚቆጠርበት ጨዋታ በመሆኑ አጋጣሚ ትልቅ ድርሻ አለው። ስለዚህ ተንታኞች እያንዳንዱ ሙከራ ግብ የመሆን ዕድሉ ስንት እንደሆነ ይገምታሉ። ለምሳሌ የፍፁም ቅጣት ምት ከአራቱ ሦስቱ ያህል ግብ ይሆናል፤ ከሩቅ የሚመታ ኳስ ግን አብዛኛውን ጊዜ ይባክናል። ቡድኑ ከተጋጣሚው እኩል ወይም የበለጠ ጥሩ ዕድል እየፈጠረ የሚሸነፍ ከሆነ ውጤቱ ከጊዜ በኋላ ሊስተካከል ይችላል። ዕድል ጨርሶ የማይፈጥር ከሆነ ግን አሳሳቢ ነው።

አራተኛው በጣም ደካማው ቦታ ነው። የቡድን ችሎታ የሚለካው በኮከቡ ብቻ አይደለም። ጎበዝ አጥቂ ያለው ቡድን በአንድ ደካማ ተከላካይ በኩል በየጨዋታው ግብ ሊገባበት ይችላል። የተቆጠሩበት ግቦች ከየት በኩል እንደመጡ መመዝገብ «ሁሉም አይችሉም» የሚለውን ፍርድ «የግራ መስመራችን ክፍት ነው» ወደሚል ሊታረም የሚችል ችግር ይለውጠዋል።

አምስተኛው ቅንጅት ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው፣ በየሳምንቱ ሰው የሚቀያየርበት ቡድን የተጫዋቾቹን ችሎታ ግማሽ እንኳ አያሳይም። ቢያንስ አራትና አምስት ጨዋታ በአንድ አሰላለፍ ያልተጫወተ ቡድን ተመዝኗል ማለት አይቻልም።

የተማሪዎችና የወጣት ቡድኖች

የዩኒቨርሲቲና የኮሌጅ ቡድኖች ምዘና የራሱ ጥንቃቄ ይሻል። በክለብ ውስጥ ተጫዋች አሥር ዓመት ሊቆይ ይችላል፤ በተማሪ ቡድን ግን በየዓመቱ የተመረቁት ይወጣሉ፣ አዲስ ገቢዎች ይተካሉ። አንድ ጥሩ የተማሪዎች ዘመን ሲመረቅ ቡድኑ በአንድ ክረምት ሊዳከም ይችላል። ስለዚህ የዘንድሮውን ሽንፈት ከአምናው ድል ጋር ከማወዳደር ይልቅ ስንት ተጫዋቾች አዲስ እንደሆኑና ስንት ዓመት እንደሚቀራቸው ማየት ይሻላል።

በታዳጊዎች ላይ ደግሞ የልደት ወር ያሳስታል። በዓለም አቀፍ ውድድሮች የዕድሜ መቁጠሪያው እ.ኤ.አ. ጥር 1 በመሆኑ፣ በዓመቱ መጀመሪያ የተወለደ ልጅ በመጨረሻው ከተወለደው ዕድሜ አቻው አንድ ዓመት ያህል ሊበልጥ ይችላል። አሰልጣኞች ጉልበትን ከችሎታ ጋር እያምታቱ ታላላቆቹን አብዝተው እንደሚመርጡ በብዙ አገሮች ተረጋግጧል። በሳዑዲ ዓረቢያ የተወለዱ የውጭ ዜጎች በክለቦች መመዝገብ የሚችሉበት ደንብ በመኖሩ፣ እዚህ ተወልዶ ያደገ የሐበሻ ልጅ በ13 ዓመቱ ትንሽ ስለሆነ ብቻ «አይሆንም» መባሉ ሊከፈትለት የሚችል በር መዝጋት ነው። ወላጆች ደንቡ ለዓመቱ የሚጠይቀውን መስፈርት በአቅራቢያቸው ካለው ክለብ መጠየቅ ይችላሉ።

ችሎታ በእርግጥ ሲያንስ

ይህ ሁሉ ማለት የሚሸነፍ ቡድን ሁልጊዜ የተደበቀ ችሎታ አለው ማለት አይደለም። አርፎ የመጣ፣ ሙሉ አሰላለፉን የያዘና በራሱ ሜዳ የተጫወተ ቡድን በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ሳይቀር ኳስ መያዝ ካቃተው፣ ዕድልም ካልፈጠረ፣ ይህም በተለያዩ ተጋጣሚዎች ላይ ከተደጋገመ፣ የችሎታ ክፍተት መኖሩን በግልጽ መቀበል ተገቢ ነው። መፍትሔውም ለአቅሙ በሚመጥን ደረጃ መወዳደር፣ ጥቅጥቅ ብሎ መከላከልና የቆሙ ኳሶችን በርትቶ መለማመድ ነው። አቅሙን አውቆ የተሰለፈ ቡድን አቅሙን ካላወቀው ይልቅ ብዙ ነጥብ ይሰበስባል።

«አይችሉም» የሚለው ቃል በምዘና መጨረሻ እንጂ በመጀመሪያ መነገር የለበትም። ውጤት በሰንጠረዥ ላይ ሁሉም ሰው የሚያነበው ነው፤ ችሎታን ግን ማየት የሚችለው ታግሦ ሜዳው ዳር የሚቆም ሰው ነው።