ኦኬሎ የሚለው ስም ከየት እንደ መጣና ምን እንደሚናገር

በመሥሪያ ቤት የሚያገለግል ሰው በየቀኑ ብዙ ስም በእጁ ያልፋል። ያነባል፤ ይጽፋል፤ ማኅተም ያሳርፍበታል፤ ነገር ግን ስሙ ራሱ ምን እንደሚል ቆም ብሎ የሚጠይቀው ጥቂት ነው። ይህም የሚያስወቅስ አይደለም። ከበደ፣ አየለ፣ ተሰማ የሚሉትን ስሞች ገና በልጅነታችን ከነትርጓሜያቸው ስለ ለመድናቸው መጠየቅ አያስፈልገንም። ያልለመድነው ስም ሲመጣ ግን ብዕር ይደናቀፋል። ዛሬ የምንነጋገረው ብዕር ከሚያደናቅፉት ስሞች ስለ አንዱ፣ ስለ ኦኬሎ ነው።

ኦኬሎ የሚለው ስም በአዲስ አበባ መዝገቦች ውስጥ አልፎ አልፎ እንጂ ዘወትር አይገኝም። ወደ አቦቦ የወረደ ሰው ግን ስሙን እንደ እንግዳ አያየውም። አቦቦ ከጋምቤላ ከተማ በስተ ደቡብ፣ በአልዌሮ ወንዝ አገር የምትገኝ የአኙዋ ሕዝብ ምድር ናት። ከ1977 ዓ.ም. ረኃብ ወዲህ ከደጋው የመጡ ሰፋሪዎችም በአካባቢው ተቀምጠዋል፤ በዚያው ዘመንም በአልዌሮ ወንዝ ላይ በሶቪየት ኅብረት እርዳታ ግድብ ተሠርቷል። ስለዚህ በአቦቦ በአንድ የትምህርት ቤት መዝገብ ላይ ኦኬሎና ምትኩ ጐን ለጐን ተጽፈው ቢገኙ የሚያስደንቅ አይሆንም። የሚያስደንቀው የሁለቱ ስሞች አነጋገር መመሳሰሉ ነው።

ምትኩ የሚል ስም የሰማ ሰው፣ ከዚህ ልጅ መወለድ በፊት በቤቱ ሐዘን ገብቶ እንደ ነበረ ሳይነገረው ይገባዋል። ካሣና ማስረሻም እንዲሁ ናቸው፤ ስለ ባለ ስሙ ከመናገራቸው በፊት ስለ ቤቱ ይናገራሉ። ኦኬሎም ከዚህ ወገን ነው። በሉዎ ቋንቋዎች ኦኬሎ ማለት ከመንታ ልጆች ቀጥሎ የተወለደ ወንድ ልጅ ማለት ነው። ስለዚህ ኦኬሎን የሚጠራ ሰው፣ ቢያውቀውም ባያውቀውም፣ ያ ሰው ከመወለዱ በፊት እናቱ መንታ መውለዷን ይመሰክራል።

ከስሙ መጀመሪያ ያለችውም አንዲት ድምፅ የራሷ ሥራ አላት። «ኦ» የወንድ ምልክት ስትሆን «አ» የሴት ምልክት ናት። ከመንታ ቀጥሎ የተወለደችው ሴት ብትሆን አኬሎ ትባላለች። በአኙዋዎችም ዘንድ ኦባንግና አባንግ፣ ኦጁሉና አጁሉ፣ ኦሞትና አሞት እየተባለ በዚሁ ሥርዐት ይሄዳል።

መንቶቹም ራሳቸው የታወቀ ስም አላቸው። በኡጋንዳ በአቾሊና በላንጎ ሕዝብ ዘንድ ቀድሞ የተወለደው መንታ ኦፒዮ፣ ተከታዩ ኦቼን ይባላል፤ ሴቶች ቢሆኑ አፒዮና አቼን ይሆናሉ። በኬንያ ሉዎዎች ዘንድ ግን ሁለተኛው መንታ ኦዶንጎ ነው፤ ይህም «ወደ ኋላ የቀረ» ከሚለው ሐሳብ የወጣ ስም ነው። ላንጎዎች ይህንኑ ኦዶንጎን ከኦኬሎ ቀጥሎ ለሚወለደው ይሰጡታል። እንግዲህ አንዱ ስም አገር ሲለውጥ ተራውንም ለውጧል። ኦኬሎ ግን በዚህም በዚያም ቦታውን አልለቀቀም፤ መንቶቹን ተከትሎ ይመጣል።

ይህ ስም ከአቦቦ እስከ ቪክቶሪያ ሐይቅ የተዘረጋው በአጋጣሚ አይደለም። የአኙዋ፣ የሽሉክ፣ የአቾሊ፣ የአሉር፣ የላንጎና የኬንያ ሉዎ ቋንቋዎች በአንድ የዘር ግንድ ላይ የበቀሉ ቅርንጫፎች ናቸው። ተናጋሪዎቹ ከዛሬይቱ ደቡብ ሱዳን ምድር ተነሥተው በብዙ መቶ ዓመታት ውስጥ የዓባይን ውኃ እየተከተሉ እንደ ተበተኑ የታሪክ ሊቃውንት ይናገራሉ። የአኙዋ ሽማግሌዎች በሚተርኩት ትውፊት ጊሎ የአኙዋ፣ ኒካንግ የሽሉክ አባት ሲሆኑ፣ ሁለቱ ወንድማማቾች ተለያይተው በየፊናቸው ሄዱ ይባላል። በጋምቤላ ምድር የሚፈስ አንድ ወንዝም ዛሬ ጊሎ ተብሎ ይጠራል። ኋላም ዳግማዊ ምኒልክና የእንግሊዝ መንግሥት ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. በተፈራረሙት የወሰን ውል አኙዋዎች ከሁለት መንግሥት ተከፈሉ። ድንበሩ መሬቱን ሲከፍል ስሙን ግን ሊከፍለው አልቻለም።

ኦኬሎ በዓለም ጋዜጦች ላይ የተነበበበትም ጊዜ አለ። በጥር ወር 1956 ዓ.ም. የዛንዚባርን ሱልጣን ከዙፋኑ ያወረደውን አመፅ የመራው በኡጋንዳ የተወለደው ጆን ኦኬሎ ነበር። በሐምሌ ወር 1977 ዓ.ም. ደግሞ በኡጋንዳ ሚልተን ኦቦቴን ከሥልጣን ያስወገዱት ጄኔራሎች ቲቶ ኦኬሎና ባዚሊዮ ኦላራ ኦኬሎ ነበሩ፤ ቲቶ ኦኬሎም እስከ ጥር 1978 ዓ.ም. አገሪቱን መርተዋል። ሩቅ ሆኖ ዜናውን የሰማ የውጭ አገር ሰው ሁለቱን ጄኔራሎች ወንድማማቾች ሊላቸው ይችላል። ነገሩን የሚያውቅ ግን የስሙ አንድነት የሥጋ ዝምድና ማስረጃ እንዳልሆነ ይረዳል፤ መንታ የሚወለድበት ቤት ብዙ ነውና።

የአውሮፓ ሰዎች ግን ከዚህ የተለየ ልማድ ይዘው ኖረዋል። በእንግሊዝ አገር ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ የአንድ ሰው መጠሪያ ለልጅ ልጆቹ ሁሉ እየተላለፈ የማይለወጥ የቤተ ሰብ ስም ሆነ። ስሚዝ አንጥረኛ ማለት ነው፤ ዛሬ ስሚዝ የሚባሉት ሁሉ ግን ብረት አይቀጠቅጡም። ዲዲሞስ የተባለው ሐዋርያው ቶማስም ምሳሌ ይሆነናል፤ ሁለቱም ስሞች፣ አንዱ በአራማይክ፣ አንዱ በግሪክ፣ መንታ ማለት ናቸው። በዓለም ላይ ቶማስ የሚባለው እጅግ ብዙ ነው፤ ከነርሱ መንታ የሆነው ግን ጥቂት ነው። ስም ሲበዛና ሲወረስ ትርጓሜው ይደክማል።

በአገራችንም በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ እያንዳንዱ ሰው ከራሱና ከአባቱ ስም ሌላ የቤተ ዘመድ ስም እንዲኖረው ደንግጎ ነበር። ሕዝቡ ግን የአባቱን ልማድ አልተወም፤ የየመሥሪያ ቤቱም ቅጽ እስከ ዛሬ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም እያለ ይጠይቃል። በዚህ ሥርዐት ኦኬሎ በአባት ቦታ ቢጻፍ የሚናገረው ስለ አባት ልደት ነው፤ በልጁም ልጅ ጊዜ አንድ ደረጃ ወደ ኋላ ይሄድና ቀስ ብሎ ከመዝገብ ይወጣል።

በውጭ አገር የሚኖሩት ግን ሌላ ነገር ያጋጥማቸዋል። በአሜሪካ በሚኔሶታ ብዙ የአኙዋ ተወላጆች ይኖራሉ። በዚያ አገር ሕግና ልማድ የአባት ወይም የአያት ስም የቤተ ሰቡ ስም ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ መንታ ተወልዶ በማያውቅበት ቤት የተወለደች የበኩር ሴት ልጅ ኦኬሎ ተብላ ልትጠራ ትችላለች፤ ስሙም ከመንታ ቀጥሎ የተወለደ ወንድ ነሽ ይላታል። ስሙ አልሞተም፤ ነገር ግን መናገሩን ትቶ ምልክት ብቻ ሆኗል። በሐምሌ ወር 2007 ዓ.ም. አዲስ አበባን የጐበኙት የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ኦባማ ስም ታሪክም ይኸው ነው። ኦባማ በመጀመሪያ የአንድ የኬንያ ሉዎ፣ የቅድመ አያታቸው መጠሪያ ነበር።

የተከበራችሁ አንባቢዎች፤ ይህን ሁሉ ማተታችን ለወሬ ያህል አይደለም። ከሐምሌ 2008 ዓ.ም. ጀምሮ ልደት በመላ አገሪቱ በመንግሥት መዝገብ እንዲመዘገብ ሥራው ተጀምሯል፤ ስለዚህ የጸሐፊው ብዕር ኃላፊነት ከቀድሞው ይልቅ ከብዷል። አንዱ ጸሐፊ ኦሞድ፣ ሌላው ኡሞድ፣ ሦስተኛው ኦሞት ብሎ የጻፈው ስም የአንድ ሰው ስም ሊሆን ይችላል። አኬሎ የምትባል ሴት በግዴለሽነት ኦኬሎ ተብላ ብትጻፍ፣ የጠፋው አንድ ፊደል ብቻ አይደለም፤ ሴትነቷ ከስሟ ወጥቷል። ከዓመታት በኋላም ጡረታ ወይም ውርስ ስትጠይቅ «ይህች እኔ ነኝ» ብላ ለማስረዳት ከደጅ ወደ ደጅ ትመላለሳለች።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ያልለመዱት ስም ሲመጣ ብዕርን ጥቂት ማቆየት፤ ባለ ስሙን «ስምዎን እንደ ገና ይበሉልኝ» ብሎ መጠየቅ፤ የጻፉትንም መልሶ ማንበብ ነው። ይህ ከሁለት ደቂቃ የበለጠ አይወስድም። ከአቦቦ የመጣ ባለ ጉዳይ በፊትዎ ቆሞ ኦኬሎ ነኝ ሲል፣ እናቱ ካወጣችለት ጊዜ ጀምሮ የያዘውን የቤቱን ታሪክ ነግሮዎታልና፣ የነገረዎትን እንደ ነገረዎት ይጻፉለት።