በወሎ ላይ የተጻፉ የእንግሊዝ መጻሕፍት

የእንግሊዝ ጸሐፊዎች በቅኝ ግዛት ዘመን ስለ ጥቁር ሕዝብና ስለ ጦርነት የጻፉትን ለመመርመር የሚሻ ሰው ወደ ሕንድ ወይም ወደ ሱዳን ከመሻገሩ በፊት፣ በደሴ ሰኞ ገበያ ቆሞ ዙሪያውን ቢመለከት ይበቃዋል፤ ምክንያቱም ወሎ በሁለት የተለያዩ ጦርነቶች የእነዚህ ጸሐፊዎች መድረክ ሆናለችና።

የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር 13,000 ያህል ወታደርና 44 ዝሆን በዙላ ወደብ አውርዶ መቅደላ በደረሰ ጊዜ፣ በ1860 ዓ.ም. በስቅለት ዕለት፣ የዐፄ ቴዎድሮስ ሠራዊት ከኋላ በሚጎርሰው አዲስ ጠመንጃ አሮጌ በሚባለው ሜዳ ላይ ረገፈ፤ ሰኞ ማዕዶት፣ ሚያዝያ 6 ቀን፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከመማረክ ሞትን መረጡ። ዘመቻውን ከተከተሉት ጋዜጠኞች አንዱ ጆርጅ ሄንቲ በዚያው ዓመት የመቅደላን ጉዞ በመጽሐፍ አሳተመ፤ ኋላም ለልጆች በደረሳቸው በርካታ ልብ ወለዶች የእንግሊዝ ልጅ ለማዘዝ፣ ጥቁሩ ለመታዘዝ እንደ ተፈጠረ አድርጎ ትውልድን አስተማረ። ከመቅደላ መድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን የተዘረፉት ንዋያተ ቅድሳትና የብራና መጻሕፍት በደላንታ ሜዳ ላይ በሐራጅ ሲሸጡ፣ ከገዢዎቹ መካከል የብሪትሽ ሙዚየም መልእክተኛ ሪቻርድ ሆልምስ ይገኝ ነበር። እንግዲህ ያ ዘመቻ የእኛን መጻሕፍት ወስዶ ስለ እኛ የራሱን መጽሐፍ ጻፈ።

ከዚህ የበለጠ ልቤን የሚነካው ግን የሁለተኛው ጦርነት ነገር ነው። ኢቭሊን ዋው የሚባለው ደራሲ በ1923 ዓ.ም. በዐፄ ኃይለ ሥላሴ የንግሥና በዓል ጊዜ በጋዜጠኝነት አዲስ አበባ መጥቶ፣ ተመልሶም አገራችንን የምታስታውስ አንዲት የጥቁሮች መንግሥት በልብ ወለድ ፈጥሮ መሣለቂያ አደረጋት፤ ፋሺስት ኢጣልያ በወረረችን ጊዜ ደግሞ ወረራውን ይደግፍ በነበረው ደይሊ ሜይል ጋዜጣ ተልኮ ወደ ደሴ ወጣ። የዚህን ሰው የብዕር ችሎታ ማንም ሊነፍገው አይችልም፤ ነገር ግን በፈረንጆች 1936 ባሳተመው መጽሐፉ የኢጣልያን ወረራ ሥልጣኔ ብሎ ባረከ፣ የመንገድ ሥራዋንም አወደሰ። መንገዱ መሠራቱን ከአሰብ ወደ ኮምቦልቻ የተጓዘ ሁሉ ያውቃል፤ ከመንገዱ በፊት ግን ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. አውሮፕላኖች ደሴን ደብድበው፣ ቀይ መስቀል የተሳለበትን የአሜሪካ ሚሲዮን ሆስፒታል ሳይቀር መትተው ነበር፤ ንጉሠ ነገሥቱም በዚያ ዕለት ራሳቸው መትረየስ ይዘው ተኮሱ።

በዚያው ጦርነት የታይምስ ጋዜጣ ወኪል የነበረው ጆርጅ ስቲር በደቡብ አፍሪቃ ከነጭ ቤተሰብ የተወለደ ወጣት ነበር፤ የአስተዳደጉን ትዕቢት ቢወርስ ማንን ይደንቅ ነበር! እርሱ ግን ኢጣልያኖች የነዙትን የመርዝ ጢስና የቀይ መስቀል ድንኳኖችን መደብደብ ለዓለም አስታወቀ፤ በፈረንጆች 1936 በወጣው መጽሐፉም ኢትዮጵያዊውን ወታደር ስምና ክብር ያለው፣ የሚፈራና የሚጀግን ሰው አድርጎ ጻፈው። አዲስ አበባ ስትያዝ ኢጣልያኖች ከአገር አስወጡት፤ በ1933 ዓ.ም. ከንጉሠ ነገሥቱ ዘመቻ ጋር ተመልሶ በአማርኛ የተጻፉ ወረቀቶችን በጠላት ወታደሮች መካከል ሲያስበትን ነበር። እነዚህ ሁለት ሰዎች በአንድ ቋንቋ ስለ አንድ ጦርነት በአንድ ዓመት ጽፈው እንዲህ የተለያዩት የመረጃ ማነስ ስለ ነበረ አይደለም፤ ጥቁሩን እንደ ባልንጀራ ማየትና አለማየት ነው የለያቸው።

ኮምቦልቻ ላይ ኢጣልያን ድል አድርጎ ሚያዝያ 18 ቀን 1933 ዓ.ም. ደሴን የያዘው ጦርም፣ ከአርበኞቻችን ጋር ተረዳድቶ የተዋጋው፣ በገዛ አገሩ ጥቁሩን ከመሬትና ከምርጫ ያራቀ የደቡብ አፍሪቃ መንግሥት ሠራዊት ነበር። የዘር ትምክሕት በጦር ሜዳ ብቻ እንደማይሻር ከዚህ የበለጠ የሚገልጥ ምስክር የለም።

ስለዚህ በወይዘሮ ስሕንና በሌሎቹ የደሴና የኮምቦልቻ ትምህርት ቤቶች የምታስተምሩ መምህራን ሆይ፣ የዋውንና የስቲርን መጻሕፍት ጎን ለጎን አድርጋችሁ ለተማሪዎቻችሁ አንብቡላቸው፤ ያን ዘመን ከወላጆቻቸው አፍ የሰሙ ሽማግሌዎችም በሕይወት ሳሉ፣ ተማሪዎቹ ወደ እነርሱ ሄደው ቃላቸውን በአማርኛ ይጻፉ።