ከብራና ወደ ዩኒኮድ፦ በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ጽሑፍን የማሻገር ታሪክ

በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ደጋ ጽሑፍን ካረጀ መያዣ ወደ አዲስ ማሻገር ኮምፒውተር ከመምጣቱ ከብዙ ዘመን በፊት የታወቀ ሙያ ነበር። የመጽሐፉ ቅጠል ሲበላና ቀለሙ ሲደበዝዝ፣ ቁም ጸሐፊ የሚባለው ባለሙያ ከፍየል ወይም ከበግ ቆዳ በተፋቀ ብራና ላይ፣ በመቃ ብዕር፣ በጥቁርና በቀይ ቀለም እንደገና ይጽፈው ነበር። ሥራው ግን ቃሉን በመገልበጥ ብቻ አያበቃም። በድጓ፣ ማለትም የቅዱስ ያሬድ ዜማ በተሰበሰበበት መጽሐፍ፣ ከቃሉ በላይ በደቃቅ ፊደል የሚሰፍረው ምልክት አዜማሙን የሚመራ ሲሆን፣ ይህንን ምልክት በ16ኛው መቶ ዘመን፣ በዐፄ ገላውዴዎስ መንግሥት፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንዳዘጋጁት ትውፊቱ ያስረዳል። ምልክቱ ሳይሳሳት ቢገለበጥም ከመሪጌታ አፍ ላልተማረ ሰው አይዜምም፤ መጽሐፉና መጽሐፉን የሚያነበው ዕውቀት አብረው ካልተሻገሩ ቅጂው ዝም ይላል።

ሁለተኛው ሽግግር ወደ ማይክሮፊልም፣ ማለትም ገጽን እጅግ አሳንሶ ወደሚይዝ የፎቶግራፍ ፊልም የተደረገው ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራናዎች የማይክሮፊልም ሥራ በመንዝና በመርሐቤቴ ያሉ አብያተ ክርስቲያናትን ጨምሮ ከልዩ ልዩ ቦታ ከ9,000 በላይ ብራናዎችን አንሥቷል። ቅጂዎቹ በአሜሪካ፣ በሚኒሶታ፣ በቅዱስ ዮሐንስ ገዳም በሚገኘው ቤተ መጻሕፍት ተቀምጠው፣ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ለረጅም ዓመታት ዝርዝራቸውን አዘጋጅተዋል። ይህ ድካም ባይኖር ኖሮ ፊልሙ የተጠቀለለ ጥላ ሆኖ በቀረ ነበር፤ ምን የት እንዳለ የሚነግረው ዝርዝሩ ነውና።

ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር የሚደረገው ሽግግር ከሁሉም ይልቅ አታላይ ነው፤ ፋይሉ ምንም ሳይጎድል ደርሶ ሳለ ላይነበብ ይችላልና። ኮምፒውተር ፊደልን የሚያስቀምጠው በቁጥር ሲሆን፣ ያንን ቁጥር ወደ ፊደል ቅርጽ የሚመልሰው ፎንት የሚባለው ሶፍትዌር ነው። በቀድሞው አሠራር አንድ ፎንት ከ256 የማይበልጥ ቦታ ብቻ ነበረው። 33ቱ ፊደላት በ7 ድምፅ ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃላዎቹ፣ የግዕዝ ቁጥሮችና ሥርዓተ ነጥቡ ሲጨመሩ ቦታው ይሞላና ይተርፋል። ስለዚህ አንዱ ሶፍትዌር ፊደሉን በሁለት ፎንት ከፈለ፣ ሌላው ከቁርጥራጭ ቅርጽ ገጣጠመ፣ ሁሉም በየራሱ ቁጥር ሰጠ፤ ከእነዚህ አንዱ በሆነው በፓወር ግዕዝ የተጻፈ ደብዳቤ የእርሱ ፎንት በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት በአማርኛ ፈንታ የተዘበራረቀ የላቲን ፊደልና ምልክት የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው።

መፍትሔው ዩኒኮድ፣ ማለትም በዓለም ጽሕፈቶች ላለው ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ የጋራ ቁጥር የሚሰጠው ሥርዓት ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው 3.0 እትም ለኢትዮጵያ ጽሕፈት 345 ቦታ ሰጠ፤ ከዚያ ወዲህ «ሀ» ዩኒኮድን በሚጠቀም በየትኛውም ኮምፒውተር 4608 ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ለገበያ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታም ኒያላ የተባለውን የግዕዝ ፎንት አብሮት ይዞ መጣ። ይሁን እንጂ ዩኒኮድ ከእርሱ በፊት የተጻፈውን ራሱ አላሻገረም፤ አሮጌው ቁጥር በአዲሱ የሚተካው በመቀየሪያ ሶፍትዌር፣ ያውም ቀድሞ የተጻፈበት ፎንት በስሙ ሲታወቅ ነው።

በመንዝ በመሐል ሜዳም ሆነ በሞላሌ፣ በግሼ በራቤልም ሆነ በመርሐቤቴ በዓለም ከተማ፣ በአሮጌ ኮምፒውተር የአማርኛ ጽሑፍ ያለው መሥሪያ ቤት፣ ደብር ወይም ግለሰብ ማሽኑን ከማስወገዱ በፊት ፋይሎቹን በዚያው በማሽኑ ላይ ከፍቶ የፎንቱን ስም ይመዝግብ፣ ወደ ዩኒኮድ ይቀይር፣ የተቀየረውንም ቁም ጸሐፊ ከዋናው ጋር እንደሚያስተያየው ሁሉ ስምና ቁጥር ሳያልፍ በወረቀት ከታተመው ጋር ያመሳክር። አሮጌው ኮምፒውተር መወገድ ያለበት ከዚህ በኋላ ነው።