ክንዱ የማን ነው?



ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ መልስ አንድ ወዳጄ ቤት ቡና ተጠርቼ ነበር። አቦሉን እንኳ ሳልጨርስ፣ እዚሁ አሜሪካ ተወልዶ ያደገው የዘጠኝ ዓመት ልጁ መጣና «ጋሼ፣ የኖኅ መርከብ ስንት ፊት ነው?» ሲል ጠየቀኝ። እኔም የቄስ ትምህርት ቤት ተማሪነቴን ለማሳየት ደረቴን ነፋ አድርጌ፣ ርዝመቷ 300፣ ወርዷ 50፣ ቁመቷ ደግሞ 30 ክንድ መሆኑን ነገርኩት። ልጁ የራሱን ክንድ አየ፣ የእኔን አየ፣ የአባቱን አየና «የማን ክንድ?» አለ። ቤቱ በሳቅ ሞላ። እኔ ግን መልስ አልነበረኝም። «አጣርቼ እነግርሃለሁ» ብዬ ቃል ገባሁለት። ይህ ጽሑፍ የዚያ ቃል ፍሬ ነው።

በአገራችን ክንድ ከክርን እስከ መሐል ጣት ጫፍ ያለው ርዝመት ነው። እጅ ሲዘረጋ ስንዝር ይሆናል፤ አራት ጣት ጎን ለጎን ሲገጠም ደግሞ ጋት ይባላል። መለኪያው ሁልጊዜ አብሮን ስለሚዞር ምቹ ነው፤ ችግሩ ሰው ሁሉ እኩል አለመሆኑ ነው። እናቴ አቡጀዲ ልትገዛ ገበያ ስትወርድ ረጅሙን አጎቴን አስከትላ ነበር የምትሄደው። ነጋዴው በራሱ ክንድ ልለካ ሲል፣ እሷ በአጎቴ ክንድ ካልሆነ አልገዛም ትላለች። ጭቅጭቁ ከዋጋው ይልቅ በክንዱ ላይ ነበር።

የጥንት ግብፃውያን ይህን ጣጣ ለማስወገድ ክንዱን ከሰው ላይ አውርደው በእንጨትና በድንጋይ ላይ ቀረጹት። ከእነዚህ መለኪያዎች አንዳንዶቹ እስከ ዛሬ አሉ። የንጉሥ ቱታንካሙን በጅሮንድ የነበረው የማያ የእንጨት ክንድ ፓሪስ በሚገኘው የሉቭር ሙዚየም ተቀምጧል፤ ርዝመቱ 52.3 ሴንቲ ሜትር ነው። ይህ «የንጉሥ ክንድ» የሚባለው ሲሆን 7 ጋት ወይም 28 ጣት ነበረው። ከዚሁ ጎን ለጎን 6 ጋት ወይም 24 ጣት ያለው፣ 45 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚሆን ተራ ክንድም ይሠራበት ነበር። እንግዲህ በአንድ አገር ውስጥ እንኳ ክንዱ ሁለት ነበር ማለት ነው። መጽሐፍ ቅዱስም ይህን ያውቃል፤ ነቢዩ ሕዝቅኤል በራእዩ ያየው የቤተ መቅደስ መለኪያ ክንዱ አንድ ክንድ ከጋት መሆኑ በምዕራፍ 40 ተለይቶ ተነግሯል።

ታዲያ የእስራኤላውያን ክንድ ስንት ነበር? ሊቃውንት የሚከተሉት መንገድ ቀላል ነው። ጥንት የተጻፈ ቁጥር ይፈልጋሉ፤ ከዚያም ያ የተለካው ነገር ዛሬም ቆሞ ከተገኘ በሜትር ይለኩታል፤ ከዚያ ማካፈል ብቻ ነው። ኢየሩሳሌም ውስጥ ይህ ዕድል ተገኝቷል። እ.ኤ.አ. በ1880 በሰሊሆም የውኃ ዋሻ ግድግዳ ላይ የተቀረጸ ጥንታዊ የዕብራይስጥ ጽሑፍ ተገኘ። ዋሻው በንጉሥ ሕዝቅያስ ዘመን፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ700 ዓመት ገደማ እንደተቆፈረ አብዛኞቹ ሊቃውንት ይቀበላሉ። ጽሑፉ ሠራተኞቹ ከሁለት ወገን ሲቆፍሩ መጥተው መሐል ላይ እንደተገናኙና ውኃውም 1,200 ክንድ ያህል እንደፈሰሰ ይናገራል። ዋሻው ዛሬ ሲለካ 533 ሜትር ነው። ሲካፈል አንዱ ክንድ 44.4 ሴንቲ ሜትር ይወጣዋል። እርግጥ 1,200 የተጠጋጋ ቁጥር ሳይሆን አይቀርም፤ ቢሆንም ከተራው ክንድ ጋር ይቀራረባል።

«ትንሽ ቢለያይ ምን ይጎዳል?» የሚል አይጠፋም። ጉዳቱን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ አሁን የምንኖርበትን አህጉር ታሪክ ማየት ይበቃል። በ9ኛው መቶ ዘመን የነበረው የሥነ ፈለክ ሊቅ አልፈርጋኒ፣ ከምድር ዙሪያ 360 ዲግሪ አንዱ 56 ማይል ከሁለት ሦስተኛ ይሆናል ብሎ ጽፎ ነበር። እሱ የተናገረው ስለ ዐረብ ማይል ነው፤ ይህም ወደ ሁለት ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ክሪስቶፈር ኮሎምበስ ግን ቁጥሩን እንዳለ ወስዶ፣ አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ በሆነው በጣልያን ማይል አሰበው። 111 ኪሎ ሜትር የሆነው ዲግሪ በእሱ ስሌት 84 ያህል ሆነ፤ ምድርም በሩብ አነሰች። በዚያ ላይ እስያ ከእውነቱ ይልቅ ወደ ምሥራቅ የተዘረጋች መሰለችው። እ.ኤ.አ. በ1492 ሲነሣ መንገዱ ቅርብ ነው ብሎ ነበር። ይህ አህጉር መሐል ላይ ባይገኝ ኖሮ እስያ ሳይደርስ ስንቁ ያልቅበት ነበር። ቁጥሩ ብዙም አልተሳሳተም፤ ማይሉ ግን የሌላ ሰው ማይል ነበር።

ዛሬስ? ፈረንሳዮች በአብዮታቸው ዘመን የማንም ንጉሥ ክንድ ያልሆነ መለኪያ ፈልገው፣ ምድርን ራሷን ለክተው ሜትርን እ.ኤ.አ. በ1799 በሕግ አጸደቁ። ከ1983 ወዲህ ደግሞ ሜትር የሚታወቀው በብርሃን ፍጥነት ነው። አሜሪካና እንግሊዝን ጨምሮ ስድስት አገሮች ኢንች ልክ 2.54 ሴንቲ ሜትር ይሁን ብለው የተስማሙት ገና በ1959 ነው። የሚያስገርመው ግን አሜሪካ ውስጥ የመሬት ቀያሾች ከዚያም በኋላ የቀድሞውን ጫማ አልለቀቁም፤ እስከ 2022 መጨረሻ ድረስ በዚህ አገር ጫማው ሁለት ነበር። ልዩነቱ በማይል ሦስት ሚሊ ሜትር ቢሆንም፣ በሰፊ ግዛት ላይ ሲጠራቀም ወሰን ያዛባል። «የማን ጫማ?» የሚለው ጥያቄ እዚህም ነበር ማለት ነው።

ለልጁ የምሰጠው መልስ እንግዲህ ይህ ነው። በሰሊሆሙ ክንድ ካሰብነው መርከቧ 133 ሜትር፣ በግብፅ ንጉሥ ክንድ ካሰብነው 157 ሜትር ገደማ ትሆናለች፤ በጫማ ከ440 እስከ 515 ያህል ማለት ነው። በሁለቱም ቢሆን 360 ጫማ ከሆነው የአሜሪካ ፉትቦል ሜዳ ትረዝማለች። ከዚህ የጠበበ ቁጥር አውቃለሁ የሚል ሰው ቢመጣ፣ ልጁ ያንኑ ጥያቄውን ይድገምለት።

ወላጆችም ዛሬ ማታ ሜትር አውጡና ከልጆቻችሁ ጋር ክንዳችሁን ለኩ። የእኔ 18 ኢንች ሆኗል። ጋትና ስንዝር የሚሉትን ቃላትም አብረው ይማሩበታል።

ቸር ይግጠመን።