ሞራው ተነስቶ ግንባር ወደ ሱጁድ እስኪመለስ



ሞራ ዓይናቸውን የጋረዳቸው አንድ አባት «ኦፕራሲዮን ሆኜ ሱጁድ ቢከለክሉኝ ሶላቴ ምን ይሆናል?» እያሉ ሕክምናውን ሲያዘገዩ አይታችሁ ይሆናል። ሥጋታቸውን አትናቁት። ከ1300 ዓመታት በላይ ቀደም ብሎ ታላቁ የተፍሲር ሊቅ ዐብደላህ ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ) በዚሁ ጉዳይ ተጨንቀውበታል።

ኢብኑ ዐባስ በ68 ዓመተ ሂጅራ ጣኢፍ ላይ ከማለፋቸው በፊት ዓይናቸው ጠፍቶ ነበር። ዘገባው «ውሃ ወረደባቸው» ይላል፤ ዐረቦች ሞራን የሚጠሩት እንዲህ ነው። ሊያክሟቸው የመጡት ለተወሰኑ ቀናት በጀርባቸው ተንጋለው እንዲሰግዱ ነገሯቸው። እናታችንን ዓኢሻንና ሌሎች ሶሐቦችን (ረ.ዐ) ቢያማክሩ፣ በእነዚያ ቀናት ሞት ቢመጣ ሶላታቸውን ምን ሊያደርጉት እንደሆነ መልሰው ጠየቋቸው። ሕክምናውን ተዉት።

መንጋለሉ ለምን አስፈለገ? የጥንቱ ሐኪም ሞራውን አያወጣውም፤ በመርፌ ገፍቶ ከብሌኑ በታች ያወርደው ነበር። ተመልሶ እንዳይነሳ ሕመምተኛው ዓይኑ ታስሮ ሳይንቀሳቀስ ይተኛል። እ.ኤ.አ. ከ996 እስከ 1021 በገዛው በአል-ሓኪም ዘመን ግብፅ የኖረው የሞሱሉ ዐማር ኢብኑ ዐሊ ግን ሞራን ውስጡ ክፍት በሆነ መርፌ ስለመምጠጥ ጽፏል። ልጆቻችን ስሙን እንኳ አለመስማታቸው ያሳዝነኛል።

በኋላ የመጡት ዑለማእ ነገሩን አስፍተው አዩት። ኢማም ማሊክ ተንጋሎ መስገዱን አልፈቀዱም። በ676 ሂጅራ ያለፉት ኢማሙ ነወዊ ግን «አል-መጅሙዕ» ላይ፣ በሃይማኖቱና በዕውቀቱ የሚታመን ሐኪም ካዘዘ እንደሚፈቀድ ሚዛን የደፋው አቋም መሆኑን ገልጸዋል።

እ.ኤ.አ. በ1949 ሃሮልድ ሪድሊ ለንደን ላይ ሰው ሠራሽ ሌንስ ዓይን ውስጥ ካስገባ ወዲህ ደግሞ ነገሩ እጅግ ቀለለ። ታካሚው አብዛኛውን ጊዜ በዚያው ቀን ቤቱ ይገባል፤ ይራመዳል፣ ይበላል፣ ይጫወታል። ለጊዜው የሚከለከለው ማጎንበስ፣ ከባድ ማንሳት፣ ዓይን ማሸትና ውሃ ማስገባት ነው። ስለዚህ መቆም የሚችል ቆሞ ይሰግዳል፤ ማጎንበስ ከተከለከለ ሩኩዕና ሱጁዱን በምልክት ያደርጋል። በውዱእም ዓይኑን ጠብቆ የቀረውን ፊቱን ያጥባል፤ ውሃ ለሚጎዳው ቦታ ሻፊዒዮች ተየሙም ይጨምራሉ።

አባታችሁን ለቀጠሮ ስትወስዱ ለሐኪሙ «መቼ ያጎንብሱ?» ብቻ አትበሉት። በአምስቱ ፈርድ ሶላት ብቻ ግንባራቸው በቀን 34 ጊዜ መሬት እንደሚነካ ንገሩት፤ ቀኑንም ቆርጦ እንዲነግራችሁ ጠይቁት።